ፊናስቴራይድ እየወሰድኩ ፒኤስኤዬ ለምን ጨመረ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 66 ነው። ሐዋሳ ውስጥ ረጅም ዘመን በመምህርነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ለሽንት እየተነሣሁ ስቸገር ተመረመርኩና ፕሮስቴት ዕጢዬ አድጎ 70 ግራም መድረሱ ተነገረኝ። ፕሮስቴት የሚያመነጨውን ፒኤስኤ የሚባል ፕሮቲን የሚለካው የደም ምርመራ 5.8 ነበር። ታምሱሎሲንና ፊናስቴራይድ ታዘዙልኝ። በዓመቱ ፒኤስኤው ወደ 2.9 ስለወረደ እፎይ አልኩ። አምና ግን 3.6፣ ባለፈው ወር ደግሞ 4.7 ሆነ። የእህቴ ልጅ «ከ4 ያለፈው በጥቂት ነው፣ ምንም አይደለም» ይለኛል። ወንድሙን በዚሁ በሽታ ያጣ የዕድራችን አባል ደግሞ «ካንሰር ነው፤ ብቻ በመርፌ እንዳታስነካው፣ ከተነካ ይሠራጫል» አለኝ። ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ምን ላድርግ?
*ጡረተኛው መምህር፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣

አራቱንም ውጤቶች በቅደም ተከተል ስለጻፉልኝ በጣም አመሰግናለሁ። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ከአንድ ቁጥር ደግሞ የሚነበብ ነገር ጥቂት ነው። በጋዜጣ ዓምድ ሰው አይመረመርም፤ ዋናውን ጥያቄዎን ግን አድበስብሼ አላልፈውም። ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ዛሬ ሌሊት በድንጋጤ የሚኬድበት ጉዳይ አይደለም፤ «በዓሉ ይለፍና» እየተባለ የሚቆይም አይደለም። በሚቀጥሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ውስጥ ይሂዱ።

የእህትዎ ልጅ ሊያረጋጋዎት ፈልጎ እንደተናገረ አልጠራጠርም። ይሁንና ከሁለቱ ምክሮች ይበልጥ የሚያሳስበኝ የእሱ ነው። የዕድርተኛዎ ንግግር ያስፈራል፤ የእሱ ግን ያስተኛል።

ፊናስቴራይድ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ፕሮስቴትን ወደሚያሳድገው ዓይነት እንዳይለወጥ ያግዳል። ዕጢው ቀስ በቀስ ይኮማተራል፤ ፒኤስኤውም ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የእርስዎ ከ5.8 ወደ 2.9 መውረዱ ከመድኃኒቱ የሚጠበቀው ሥራ ነው እንጂ ስለ ካንሰር መኖርና አለመኖር የነገረን ነገር የለም። በዚህ የተነሣ ይህን መድኃኒት በትክክል ሲወስድ የቆየ ሰው ውጤት በሁለት ተባዝቶ ይነበባል። 2.9 የሚለው 5.8 ነው። አምና የተገኘው 3.6 ደግሞ 7.2 ይሆናል። ያለፈው ወር 4.7 ወደ 9.4 ይጠጋል።

የላብራቶሪው ወረቀት ይህን ሊነግርዎት አይችልም። ውጤቱ በአንድ ረድፍ ተጽፎ ከጎኑ «ከ0 እስከ 4» የሚል መደበኛ መጠን ይቀመጣል። ማሽኑ እርስዎ በየቀኑ ምን እንደሚውጡ አያውቅም፤ ደም የቀዳዎት ባለሙያም አልጠየቀዎት ይሆናል። አምና 3.6 የሚለውን ወረቀት ሲቀበሉ ማንም ያልደነገጠው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። 4 የሚለው ወሰን ራሱም ያን ያህል የሚታመን አጥር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ፒኤስኤያቸው 4 እና ከዚያ በታች ከሆኑ ወንዶች ዕጢ በመርፌ ናሙና ሲወሰድ ከ100 ሰዎች 15 በሚሆኑት ላይ ካንሰር አግኝቷል። ፊናስቴራይድ በሚወስድ ሰው ላይ እንግዲህ ትልቁ ምልክት ቁጥሩ 4ን ማለፉና አለማለፉ ሳይሆን፣ አንዴ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ተመልሶ መውጣቱ ነው። የእርስዎ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ወጥቷል።

ይህ የእኔ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከ80 ሺህ በላይ በሆኑ የፕሮስቴት ካንሰር በተገኘባቸው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ጡረተኞች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። ፊናስቴራይድንና የእሱን ዓይነት መድኃኒት ሲወስዱ የነበሩት፣ ፒኤስኤያቸው በትክክል ቢነበብ ኖሮ ከፍ ማለቱ ከሚታወቅበት ቀን አንሥቶ ካንሰሩ እስኪረጋገጥ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ፈጅቶባቸዋል። መድኃኒቱን የማይወስዱት ግን አንድ ዓመት ተኩል እንኳ አልሞላባቸውም። በሽታው ሲታወቅም የመጀመሪያዎቹ ላይ ይበልጥ ገፍቶ ነበር። መድኃኒቱ ካንሰር አምጥቶባቸው አይደለም። ቁጥሩን በሁለት የሚያባዛው ሰው ጠፍቶ ነው።

አሁን ግን ቆም ብለው አንድ ጥያቄ ለራስዎ ይመልሱ። እባክዎ በሐቅ ይመልሱት። ባለፉት ሁለት ዓመታት ፊናስቴራይዱን በእርግጥ በየቀኑ ሲወስዱ ነበር?

የምጠይቅዎት ያለ ምክንያት አይደለም። ታምሱሎሲን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽንትን ስለሚያቀልል ሰው ጥቅሙን ያየዋል፤ አንድ ቀን ቢረሳው ያስታውሰዋል። ፊናስቴራይድ ግን ለወራት ምንም የሠራ አይመስልም። ፋርማሲ ውስጥ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲንር ቀድሞ የሚተወው እሱ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። በአንዳንድ ወንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትን ይቀንሳል፣ የብልት መነሣትንም ያዳክማል። በዚህ የተነሣ ለማንም ሳይናገሩ የተዉት ብዙዎች ናቸው፤ ሐኪሙ ሲጠይቃቸውም «እወስዳለሁ» ይላሉ። ከእነዚህ አንዱ ሆነው ከሆነ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። እንዲያውም ለእርስዎ የምሥራች ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ሲቆም ፒኤስኤ በስድስት ወር ገደማ ውስጥ ወደ ቀድሞው ቦታው ይመለሳል፤ የእርስዎ የቀድሞ ቦታ 5.8 ነበርና መድኃኒቱን ከተዉ ከመንፈቅ በላይ ከሆነዎት 4.7 ምንም ጭማሪ የለውም ማለት ነው። በየቀኑ የወሰደ ሰው 4.7 እና ያቋረጠ ሰው 4.7 ፈጽሞ የማይገናኙ ውጤቶች ናቸው፤ ሐኪሙ እውነቱን ካላወቀ ወይ ከንቱ የመርፌ ናሙና ያዝልዎታል፣ ወይ የሚያስፈልገውን ይተዋል።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «ትክክለኛው ቁጥር ይታይ» ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ያቆማል። አያድርጉት። ሲወስዱ ከነበረ ይቀጥሉ፤ ሐኪሙ ማባዛቱን ያውቅበታል።

ፒኤስኤን ለጊዜው ከፍ የሚያደርጉ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ዋነኛው የሽንት ቧንቧ ወይም የዕጢው ኢንፌክሽን ነው። ባለፈው ወር ገደማ ሽንት ሲሸኑ ያቃጥልዎት፣ ትኩሳት ነገር ይሰማዎት ከነበረ፣ ወይም ሽንት ዘግቶብዎት የሽንት ማውጫ ቱቦ (ካቴተር) ተደርጎልዎት ከሆነ ይንገሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው ምርመራው የሚደገመው። ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት የወንድ ዘር መፍሰስም ቁጥሩን ጥቂት ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ብስክሌትን በተመለከተ ባለሙያዎች አንድ ዓይነት አስተያየት የላቸውም፤ ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ናትና በእርስዎ ዕድሜም በብስክሌት የሚመላለስ ሰው ስላለ ነው የማነሣው። ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን ቢያሳርፏት የሚጎድልብዎ ነገር የለም። በመጨረሻም፣ ሁለት ላብራቶሪዎች አንዱን ደም በተለያየ መሣሪያ ሲለኩት የተለያየ ቁጥር ሊያወጡ ይችላሉ። አራቱም ምርመራዎች አንድ ቦታ መሠራታቸውን ከወረቀቶቹ ራስጌ ይመልከቱ፤ የሚደገመውንም ብዙዎቹ በተሠሩበት ቦታ ያሠሩ። ለፒኤስኤ ባዶ ሆድ መሆን አያስፈልግም፤ ቁርስዎን በልተው ይሂዱ።

ወደ ሐኪሙ ሲሄዱ አራቱንም ወረቀቶችና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ። የደም ማቅጠኛ ወይም አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ እሱንም ይጨምሩ። ከቤተሰብዎ ማን ፕሮስቴት ካንሰር እንደያዘው ይጠየቃሉ፤ አባት ወይም ወንድም ከነበረ የእርስዎ ዕድል እጥፍ ገደማ ይሆናል። የሚፈልጉት ባለሙያ የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ስፔሻሊስት፣ ማለትም ዩሮሎጂስት ነው። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ብዙዎቻችን «ሪፈራል» በምንለው፣ ቀጠሮ መጠየቅ ይችላሉ። ጤና ጣቢያ ወይም ሌላ ሆስፒታል ከሆነ የሚከታተሉት የማስተላለፊያ ወረቀት ከዚያ ያጽፉ።

ሐኪሙ በጣት ሊመረምርዎት ይፈልጋል። በዚህ ምርመራ ምክንያት ብቻ ከበር የሚመለሱ አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ምን እንደሚደረግ አስቀድመው ይወቁት። በጎንዎ ተኝተው ጉልበትዎን ወደ ሆድዎ ይሰበስባሉ። ሐኪሙ ጓንት ያደርጋል፣ ጣቱን ቅባት ይቀባል፣ በፊንጢጣ በኩል የዕጢውን ጀርባ ይዳስሳል። ከአንድ ደቂቃ በታች ይፈጃል። ደስ አይልም፤ ግን እምብዛም አያምም። ዕጢው በእኩል ለስልሶ ካደገ አንድ ነገር ነው፤ ጠጠር ያለ ጉብታ ከተዳሰሰ ግን የፒኤስኤው ቁጥር ምንም ይሁን ምን ቀጣዩ ምርመራ አይቀርም።

አዲስ አልትራሳውንድም ይጠይቁ። 70 ግራም የሚለው የሦስት ዓመት ልኬት ነው። ያደገ ዕጢ በራሱ ብዙ ፒኤስኤ ስለሚያመርት ሐኪሞች ቁጥሩን ለዕጢው መጠን አካፍለው ያዩታል። ውጤቱ ከ0.15 በታች ሲሆን ያረጋጋል፤ ከዚያ ሲያልፍ ጥርጣሬው ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ የእርስዎ 5.8 ለ70 ሲካፈል 0.08 ነበርና እንዲያ መጨነቅ አያስፈልግም ነበር። ዛሬ ዕጢው በመድኃኒቱ ምክንያት ወደ 56 ግራም ወርዶ ቢሆን፣ 9.4 ለ56 ሲካፈል 0.17 ገደማ ይሆናል። አዲሱ ልኬት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በአሮጌው 70 ካካፈሉት 0.13 ይመጣና ሳያስፈልግ ያዘናጋዎታል።

እዚህ ላይ በደብዳቤዎ ውስጥ ያላነሡትን፣ ግን ከጀርባው ያለ የሚመስለኝን ነገር ልጨምር። የዕጢው ማደግ ወደ ካንሰር አይለወጥም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚያድገው በአብዛኛው የሽንት ቧንቧውን የከበበው የውስጠኛው ክፍል ነው፤ ካንሰር ደግሞ በአመዛኙ በውጨኛው በኩል ይነሣል። ስለዚህም ነው ገና የጀመረ ካንሰር ሽንትን የማያስቸግረው። ሽንትዎ በመድኃኒቱ መሻሻሉ ካንሰር የለም አያሰኝም፤ ሌሊት መነሣትዎም ካንሰር አለ አያሰኝም። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ግን ይችላሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥርጣሬው ከቀጠለ ሐኪሙ ዕጢውን ከውስጥ በምስል የሚያሳየውን የፕሮስቴት ኤምአርአይ ያዝልዎት ይሆናል። የሚገኝ ከሆነና አቅም ከፈቀደ ከናሙናው በፊት ቢነሣ ይመረጣል። ምንም አጠራጣሪ ቦታ ካልታየ ናሙናው ሊቀር ይችላል፤ ከታየ ደግሞ መርፌው የት እንደሚያርፍ ያሳያል። ለምርመራ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ቢሆን መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ከሾፌሩ አጠገብ ይቀመጡ፤ ሻሸመኔም ሆነ ዝዋይ ላይ «አቁምልኝ» ለማለት አይፈሩ። ያደገ ፕሮስቴት ያለበት ሰው ሽንቱን ለሰዓታት ሲይዝ ድንገት ሊዘጋበት ይችላል።

አሁን ወደ መርፌው እንምጣ። ዕድርተኛዎ ወንድሙን የቀበረ ሰው ነው፤ ኀዘኑን አከብራለሁ። በብዙ ቤት የሚሆነውም ይገባኛል፦ ሰውየው ወገቡን ሲያመው፣ ሲከሳ፣ ሽንቱ ሲዘጋ ይሄዳል፤ ናሙና ይወሰዳል፤ በወራት ውስጥ ያርፋል። ቤተሰቡ የሚያስታውሰው መርፌውን ነው። ግን በሽታው መርፌው ከመድረሱ በፊት አጥንት ገብቶ ነበር። የፕሮስቴት ናሙና መውሰድ ካንሰርን ይበትናል የሚለው በሕክምና ማስረጃ የተደገፈ አይደለም፤ በመርፌው መንገድ ሕዋስ መዝራት እጅግ አልፎ አልፎ የተመዘገበ ነገር ነው። የናሙናው እውነተኛ ጣጣ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እስከ 12 የሚደርሱ ቀጫጭን ቁራጮች በአልትራሳውንድ እየታዩ ይወሰዳሉ። ለቀናት በሽንት፣ ለሳምንታት ደግሞ በወንድ ዘር ውስጥ ደም ሊታይ ይችላል፤ ይጠፋል። ሽንት ለጊዜው ሊዘጋ ይችላል። ከሁሉ የሚያሠጋው ኢንፌክሽን ነውና ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይሰጥዎታል። ከናሙናው በኋላ ብርድ ብርድ ካለዎት ወይም ካተኮሰዎት እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ቢገኝስ? ይህን ጥያቄ ሌሊት ሌሊት ለብቻዎ እየመለሱት እንደሆነ ይገባኛል። ፕሮስቴት ካንሰር አንድ ዓይነት በሽታ አይደለም። ናሙናው የካንሰሩን ክፋት በሚያሳይ ግሊሰን በሚባል ውጤት ይመዘናል፤ ዝቅተኛው 6 ሲሆን እንዲህ ያለው በብዙ ሰው ላይ ቀዶ ጥገናም ጨረርም ሳይደረግ በየጊዜው ፒኤስኤ እየታየ፣ አንዳንዴም ናሙና እየተደገመ በክትትል ብቻ ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ከዕጢው ሳይወጣ በፒኤስኤ የተገኘ ካንሰር ያለባቸውን ከ1,600 በላይ ወንዶች 15 ዓመት ያህል ተከታትሎ ነበር። ለአንድ ሦስተኛው ቀዶ ጥገና፣ ለሌላው ሦስተኛ ጨረር፣ ለቀሩት ክትትል ነበር የተመደበላቸው። በሦስቱም ወገን ከ100 ሰዎች 97 ገደማ የሚሆኑት በዚህ በሽታ አልሞቱም። ከፍ ያለ ግሊሰን ያለው ግን ሕክምና ይፈልጋል፤ እሱንም በጊዜው ማግኘት ነው ልዩነቱ። የዕድርተኛዎ ወንድም ታሪክ ዘግይቶ የተደረሰበት ነው፤ እርስዎ ገና አልዘገዩም።

ቀጠሮው እስኪደርስ ለሽንቱ የሚረዱ ጥቂት ነገሮች አሉ። ከሰዓት በኋላ የሚፈላውን ቡና ይቀንሱ፤ አቦሉን ጠጥተው ቶናና በረካውን ለእንግዳ ቢተዉ ሌሊቱ ይሻልዎታል። ጫት የሚቅሙ ከሆነ የፊኛን አንገት እንደሚያጠብና ሽንትን እንደሚያቀጥን ይወቁ። ለጉንፋን ብለው አፍንጫ የሚከፍቱ እንክብሎችን ከፋርማሲ በራስዎ አይግዙ፤ እነሱ ሽንት የዘጉበት ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። የዓይን ሞራ ቀዶ ጥገና ካሰቡ ታምሱሎሲን እንደሚወስዱ ለዓይን ሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። ሽንት ጨርሶ ከተዘጋ፣ ደም ከታየበት፣ ወይም ከወገብ ሕመም ጋር እግርዎ ከደከመ ግን ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ።

ለባለቤትዎ ይንገሯት። ሊያስጨንቋት አልፈለጉም፤ እሷ ግን ሌሊት ሲነሡ ትሰማለች፣ ቀን ዝም ማለትዎን ታያለች፣ ከእርስዎ የባሰ ነገር እየገመተች ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በመካከላችሁ ያመጣው ለውጥ ካለም ምክንያቱ እሷ እንዳልሆነች ማወቅ ይገባታል። ደግሞም ታስፈልግዎታለች፦ ፊናስቴራይዱ የትኛው ወር ላይ እንዳለቀና ሳይገዛ እንደሰነበተ ከእርስዎ ይልቅ የምታስታውሰው እሷ ልትሆን ትችላለች፤ ሐኪሙ ሲያስረዳ በድንጋጤ የሚያመልጥዎትን ትሰማልዎታለች፤ ናሙና የሚወሰድ ከሆነም የዚያን ቀን ብቻዎን ወደ ቤት መመለስ የለብዎትም። ወንዶች ልጆች ካሏችሁ እነሱም የአባታቸውን ውጤት ይወቁ፤ ካንሰር ከተገኘ ዕድሜያቸው 45 ገደማ ሲሆን ስለ ምርመራ ከሐኪም ጋር እንዲነጋገሩ ይመከራል።

የሚደገመው ፒኤስኤ ሲወጣ ቁጥሩን፣ አዲሱን የዕጢ ልኬትና መድኃኒቱን በየቀኑ መውሰድ አለመውሰድዎን ጨምረው ይጻፉልኝ።